ዝናብን መለካት፣ ዘመንን መመዝገብ

ከንባቡ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በመጀመሪያ በቃል ተወያዩባቸው፤ ከዚያም ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

1. ባለፈው ሳምንት በአካባቢያችሁ ምን ያህል ዝናብ ዘነበ? መልሱን ያገኛችሁት በመለካት ነው ወይስ በመገመት?
2. «ዛሬ ብርድ ነው» እና «ደጋ ብርድ ነው» በሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው የትርጉም ልዩነት ምንድን ነው?

ምንባብ

የሰኔ ወር ሲገባ በላስታ ተራሮች የሚኖር ገበሬ ዐይኑን ወደ ሰማይ ማንሣቱ አይቀርም። ማሳው ታርሷል፤ ዘሩም በጎተራ ተዘጋጅቷል። የቀረው ዝናቡ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ተቻኩሎ ቢዘራና ዝናቡ ቢቋረጥ ዘሩ በቅሎ ይደርቅበታል። ዝናቡ እስኪደላደል ቢጠብቅ ደግሞ ሰብሉ ሳያፈራ ክረምቱ ይወጣበታል። ስለዚህ በየመንደሩ የሚነሣው ወሬ ሁሉ ስለ ዝናብ ነው። አንዱ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ይላል። ሌላው «አምና ይሻል ነበር» ሲል ይመልሳል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» በማለት ነገሩን ይደመድማሉ።

እነዚህ ሦስት አነጋገሮች ከኑሮ የመነጩ ስለሆኑ የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ዝናቡ በስንት ቀን ዘገየ? አምና የተሻለው በምን ያህል ነው? ያ የድሮው ጊዜስ ስንት ዓመት ይሆነዋል? ብለን ብንጠይቅ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠን የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። የማስታወስ ችሎታ ትልቅ ስጦታ ቢሆንም፣ ክፉውን ዘመን አግዝፎ፣ መካከለኛውን ዘንግቶ የማስቀረት ጠባይ አለው። ይህ ምንባብ አንድ ጣሳ፣ አንድ ዘንግና አንድ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ይህን ጕድለት እንዴት ሊያሟሉ እንደሚችሉ ያስረዳል። ምሳሌዎቻችን በላሊበላ ከተማና በዙሪያዋ ካሉት የላስታ ተራሮች የተወሰዱ ናቸው፤ ሥራው ግን በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊከናወን ይችላል።

ሀ. የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት

የአየር ሁኔታ ማለት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀኖች ውስጥ የሚታየው ሙቀት፣ ዝናብ፣ ነፋስና ደመና ነው። ጧት ጉም፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ማታ ዝናብ ሊሆን ይችላል። የአየር ንብረት ግን የእነዚህ ሁሉ የብዙ ዓመት ውጤት ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች የአንድን ቦታ የአየር ንብረት ለመግለጽ ብዙውን ጊዜ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ይጠቀማሉ። እንግዲህ የአየር ሁኔታ የዕለት ድርጊት ሲሆን፣ የአየር ንብረት የቆየ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ልዩነት ቋንቋችን በግሶቹ ያሳየናል። «ትናንት በላሊበላ ዝናብ ዘነበ» ስንል ግሱ ኀላፊ ጊዜን ያመለክታል፤ የተፈጸመ የአንድ ቀን ድርጊት ነው። «በላሊበላ በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ዝናብ ይዘንባል» ስንል ግን በየዓመቱ የሚደጋገም ልማድን እንናገራለን። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የአየር ሁኔታን፣ ሁለተኛው የአየር ንብረትን ይገልጻል። «ነገ ይዘንባል» የሚለው ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ያንኑ ግስ ይዞ ትንበያ ይሆናል። ስለዚህ ጸሐፊው የጊዜ ተውሳከ ግሱን በትክክል ካላስቀመጠ አንባቢው ልማዱን ከትንበያው መለየት ያስቸግረዋል።

ለ. ከፍታና ሙቀት

አባቶቻችን አገራችንን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ሲከፍሉ፣ ከደጋ በላይ ያለውንም ውርጭ ብለው ሲሰይሙ ዋና መለያቸው ከፍታ ነበር። የዛሬው ሳይንስም ይህን ይደግፋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ማዶ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4200 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው የ1700 ሜትር ልዩነት ስላለ የሙቀቱ ልዩነት 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በላሊበላ 20 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት በተራራው ራስ ላይ ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ገበሬ በደጋው ገብስ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ የሚዘራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተማሪዎች ይህን በሁለት መንገድ ሊፈትኑት ይችላሉ። የመጀመሪያው በቴርሞሜትር ነው። መሣሪያው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር የሚነግረን የራሱን መጋል እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ በየማእድ ቤቱ ይገኛል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በላሊበላ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነውና። ባቄላ በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈልገው እንጨቱ ስለ ሰነፈ ሳይሆን የፈላው ውሃ ራሱ ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ነው።

ሐ. የጥላ ዘንግ

ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ በደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱምቢ አረጋግጡ። ከረፋዱ ጀምራችሁ የጥላውን ጫፍ በየአሥር ደቂቃው በጠጠር ምልክት አድርጉበት። ጥላው ከሁሉ ያጠረበት ጊዜ እውነተኛው ቀትር ነው። ይህም በሰዓታችሁ ልክ በስድስት ሰዓት አይሆንም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ቀትሩ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ይህን በየወሩ ብትደግሙት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ታያላችሁ። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ገደማ የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን ወድቆ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚያ በኋላ እያጠረ ሄዶ በሚያዝያ አጋማሽ ከዘንጉ ሥር ይጠፋል፤ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ናትና። በሰኔ አጋማሽ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በነሐሴ አጋማሽ እንደገና ይጠፋና ተመልሶ ወደ ሰሜን ጕዞውን ይቀጥላል።

ታዲያ ፀሐይ አናታችን ላይ በምትሆንበት በነሐሴ ለምን ይበርደናል? መልሱ ደመናው ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ክፉኛ የሚሞቀው የምድር መቀነት አብሯት ይጓዛል። ያ የሞቀ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከደቡብና ከምዕራብ እርጥብ ነፋስ ይስባል። ነፋሱ ከላስታ ተራሮች ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ይገፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ሆኖ ይዘንባል። ደመናው የፀሐይዋን ጨረር ስለሚከልለው ቀኑ ይቀዘቅዛል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥለው የበልግ ዝናብ ደግሞ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ከሚመጣው ነፋስ ነው።

መ. የዝናብ መለኪያ

አፉና መቀመጫው እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ፈልጉ። ነፋስ እንዳይገለብጠው በድንጋይ አስደግፉት፤ ከመሬት የሚፈናጠቅ ውሃ እንዳይገባበትም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቦታው ገላጣ መሆን አለበት። ከቤት ወይም ከዛፍ ያለው ርቀት የቤቱን ወይም የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ ጧት በሦስት ሰዓት በጣሳው የተጠራቀመውን ውሃ ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ፤ በሚሊ ሜትርም መዝግቡ፤ ከዚያም ድፉት። ሰዓቱ የማይለዋወጠው እያንዳንዱ ልኬት የ24 ሰዓት ዝናብ እንዲሆን ነው።

መዝጋቢው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን «0» ይጻፋል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም። ባዶ ቦታ «አልለካሁም» ማለት ሲሆን፣ ዜሮ ግን «ለክቼ ምንም አላገኘሁም» ማለት ነው። ሳይለኩ በግምት መጻፍ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ አንድ የውሸት ቁጥር የገባበት መዝገብ እውነተኞቹንም ቁጥሮች ያጠራጥራልና።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 400 ሊትር ውሃ ይገኛል ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ጊዜ ይሞላል። ከምንጭ ውሃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ተማሪ የዚህን ቁጥር ትርጉም ከማንም በላይ ትረዳዋለች።

ሠ. ዝናብ በአፈርና በድንጋይ ላይ

ሁለት ጠፍጣፋ ሳጥኖችን በአፈር ሙሉ። የአንደኛው አፈር ራቁቱን ይሁን፤ በሁለተኛው ላይ ሣር ከነሥሩ ትከሉበት። ሁለቱንም በአንድ ዐይነት አዘንብላችሁ፣ በተበሳሳ ጣሳ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ሊትር ውሃ አዝንቡ። የሚወርደውንም ውሃ በብርጭቆ ተቀበሉ። ከራቁቱ አፈር የሚወርደው ደፍርሶና በዝቶ፣ ከሣሩ የሚወርደው ጠርቶና አንሶ ታገኙታላችሁ። የላስታ ገበሬ በተዳፋት ማሳው ላይ እርከን ሲሠራ ይህንኑ እያደረገ ነው፤ ውሃው እንዲዘገይና አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ እንዳይሄድ ያግደዋል።

ዝናብ ድንጋይንም ይሰብራል። ከመንገድ ዳር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ አንሡና በፀሐይ አድርቃችሁ መዝኑት። አንድ ሌሊት በውሃ ዘፍዝፋችሁ እንደገና መዝኑት። የክብደቱ ጭማሪ ድንጋዩ የጠጣው ውሃ ነው። የላሊበላ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእንዲህ ያለ ውሃ የሚያሰርግ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለዝናቡ መውረጃ ቦይና አሸንዳ አብረው ፈልፍለዋል። ሆኖም ድንጋዩ በክረምት እየራሰ፣ በበጋ እየደረቀ ብዙ መቶ ዓመታት በማሳለፉ ተሰነጣጥቋል። በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መካከል አምስቱን ከዝናብ ለመከላከል በ2000 ዓ.ም ገደማ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተተክለዋል። ለሙከራችሁ ከቅርሱም ሆነ ከአካባቢው አንዲት ጠጠር እንኳ ማንሣት እንደማይገባ ልብ በሉ።

ረ. መዝገብና ልማዳዊ እምነት

በአገራችን የሰኔ ወር ሰኞ ቀን ሲገባ፣ ማለትም ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ፣ ዓመቱ ክፉ ይሆናል የሚል የቆየ አነጋገር አለ። ይህን ሳያዩ ማመንም፣ ሳይመረምሩ መሳቅም ተገቢ አይደለም። መዝገብ ይጠየቅ። ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ከዋለባቸው ዓመታት አንዱ 2007 ዓ.ም ነው። በእርግጥም በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምታችንን አዳክሞት በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ብርቱ ድርቅ ደርሷል። አነጋገሩ እውነት ነው እንበል? ወደ ኋላ እንመለስ። በወሎ ዝናቡ በከፋ ሁኔታ የቀረው በ1976 ዓ.ም ነበር፤ የዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ግን የዋለው ዓርብ ነው። በ1990 ዓ.ም ደግሞ ሰኔ ሰኞ ገብቶ ሳለ ክረምቱ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች መልካም ነበር።

እንግዲህ አንድ ምስክር ለፍርድ አይበቃም። አንድ ነገር ከሌላው ጋር አንድ ጊዜ ስለ ገጠመ የእርሱ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ይህ ሕግ ለአየር ንብረት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ክርክርና ለማንኛውም ድርሰት ይሠራል።

ይህ ሲባል ግን የቀደሙት ሊቃውንት ዘመንን አልመረመሩም ማለት አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመቱን መፀው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት ብለው በአራት ከፍለው፣ የእያንዳንዱንም መግቢያ ቀን ወስነዋል። ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። የዛሬዎቹ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ የዝናቡን አመጣጥ ተከትለው ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ሁለቱ አከፋፈሎች የተለያዩት ዓላማቸው የተለያየ ስለሆነ ነው።

ሰ. መዝገቡ ለምን ይጠቅማል?

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም በረኃብ ተመትቷል። ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ብዙ ቤተሰብም ቀዬውን ጥሎ ተሰዷል። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል፤ ድርቅና ረኃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ የዝናብ መታጣት ነው፤ ከሰማይ ይመጣል። ረኃብ ግን የእህል መታጣት ነው፤ ድርቅ ቢጀምረውም ጦርነት፣ የመንገድ እጦት፣ የአስተዳደር ቸልተኝነትና የእርዳታ መዘግየት ያባብሱታል። ድርቅን ማስቀረት ባይቻል እንኳ፣ አስቀድሞ የታወቀ ድርቅ ረኃብ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። አስቀድሞ ለማወቅ ደግሞ የዘንድሮውን ዝናብ ከወትሮው ጋር ማወዳደር ያሻል። ወትሮው የሚታወቀው በመዝገብ ነው።

ይህን ሥራ በአገር ደረጃ የሚሠራ መሥሪያ ቤት በ1973 ዓ.ም በዐዋጅ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በየቦታው ባሉት ጣቢያዎች ዝናብንና ሙቀትን ያስለካል፤ የየወቅቱንም ትንበያ ያወጣል። ሆኖም በላስታ አንዱ ሸለቆ ሲዘንብበት ማዶ ያለው ተራራ ሊደርቅ ስለሚችል፣ ጥቂት ጣቢያዎች ሁሉን ሊያዩ አይችሉም። የተማሪ ጣሳ የጣቢያን መሣሪያ ባይተካም፣ ለመንደሩ ግን የራሱ ምስክር ይሆንለታል።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የጀመረውን መዝገብ ትምህርቱን ሲጨርስ ለታናሾቹ ቢያስረክብ፣ እነርሱም ለሌሎች ቢያስተላልፉ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ትምህርት ቤት የአካባቢውን የአየር ንብረት በቁጥር ሊናገር ይችላል። ያን ጊዜ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሽማግሌ ቢነሣ፣ ደብተሩን ገልጦ በስንት ሚሊ ሜትር እንደ ተለየ ያሳያል።

የቃላት ጥናት

ካፊያ፦ በደቃቁ የሚወርድ ቀላል ዝናብ።
ዶፍ፦ በአንድ ጊዜ በኃይል የሚወርድ ዝናብ።
ውሽንፍር፦ ነፋስ የቀላቀለ ብርቱ ዝናብ።
ጤዛ፦ ሌሊት በሣርና በቅጠል ላይ የሚያቈር የውሃ ነጠብጣብ።
ቱምቢ፦ የግንብ ወይም የምሰሶ ቀጥታ የሚረጋገጥበት ክብደት ያለው ገመድ።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች ምንባቡን መሠረት አድርጋችሁ በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በዝናብ መዝገብ ላይ ባዶ ቦታና ዜሮ የሚለያዩት እንዴት ነው?
2. በነሐሴ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሳለ ቀኑ የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው?
3. ጸሐፊው ሰኔና ሰኞን በሚመለከት የተነገረውን እምነት የመረመረው በምን ዘዴ ነው?
4. በ«ድርቅ»ና በ«ረኃብ» መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።

ለ. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የአየር ሁኔታን፣ የአየር ንብረትን ወይም ትንበያን የሚገልጹ መሆናቸውን ለዩ፤ ለመለየት የረዳችሁን ግስና ተውሳከ ግስ አስምሩበት።

1. ትናንት ማታ በረዶ ጣለ።
2. በደጋ አገር በኅዳር ወር ውርጭ ይወርዳል።
3. ከነገ ወዲያ ሰማዩ ይጠራል።

ሐ. ድርሰት። የዝናብ መለኪያ ሠርታችሁ ለአንድ ወር መዝግቡ። ከዚያም ያገኛችሁትን ውጤት በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ መለኪያውን የት እንዳስቀመጣችሁና ለምን እዚያ እንደ መረጣችሁ፣ በሁለተኛው ያገኛችኋቸውን ቁጥሮች፣ በሦስተኛው አንድ የአካባቢያችሁ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ስለ ወሩ ዝናብ የነገሯችሁን ከመዝገባችሁ ጋር በማነጻጸር ግለጹ። «ብዙ»፣ «ጥቂት»ና «በጣም» የሚሉትን ቃላት በቁጥር መተካት በምትችሉበት ቦታ ሁሉ ተኩ።